የሚመዘን ልጅ አለ?

የእትዬ ሚዛን አንድ የሥራ ቀን ምን ምን እንደሚያስወጣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ገንዘቡን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ የደርሶ መልስ ታክሲና በሻይ የሚነከር አንድ ዳቦ ነው፣ አለቀ። ሌላውን ነው ያሰላሁት። አራት መቶ ደረጃ ገደማ መውጣትና መውረድ። ከአርባ እስከ ሃምሳ በር ማንኳኳት። በየበሩ ቢያንስ ሁለት ጊዜ «እኔ ነኝ» ማለት፤ ከውስጥ «ማነው?» ያለ ሰው «እኔ ነኝ» ሲባል ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይከፍታል፣ ይህን የተማርኩት ከሳቸው ነው። አንድ ትከሻ፣ ሁልጊዜ ግራው፣ የሚዛኑ ማንገቻ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ። ጉልበት ደግሞ እስከ ሦስተኛ ፎቅ አንዱ፣ ከዚያ በላይ ሁለቱም። ይህ ሁሉ ወጥቶ የሚገኘው ምንድነው? ቀን ከቀናቸው ዘጠኝ ልጅ፤ ካልቀናቸው ሦስት።

«ድሮ» ይላሉ ማታ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ «አንድ ግቢ ገብቼ ዘጠኝ ልጅ መዝኜ፣ አሥረኛው በአጥር ሾልኮ ያመልጠኝ ነበር።»

እትዬ ሚዛን የባሌ አክስት ናቸው። ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ራሳቸው አልወለዱም፤ ግን «አልወለድኩም» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ስንጋባ «እናንተ ለብቻችሁ ኑሩ» ብለው ሊወጡ ነበር። ባሌ ሻንጣቸውን ቆልፎ ቁልፉን ደበቀው፣ የት እንደደበቀው ደግሞ እሱም ረሳው። እንዲህ ሆነን በሁለት ክፍል ውስጥ አምስት ሰው እንኖራለን፦ እሳቸው፣ ባሌ፣ እኔ፣ የአራት ዓመቷ ልጄና የስምንት ወሩ።

ሥራቸው ሕፃን መመዘን ነው። የአካባቢያችን ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን በየቤቱ እየዞሩ ይመዝናሉ፣ የከሳ ካገኙ እናቱን ጎትተው ወደ ጤና ጣቢያ ያመጣሉ። ሚዛኑ የሚንጠለጠል ነው። ፊቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ፣ ከሥሩ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ እንደ ቁምጣ የተሰፋ ጨርቅ። ልጁ ሁለት እግሩን በቁምጣው ያስገባና አየር ላይ ይንጠለጠላል። የሚስቅ አለ፣ የሚጮህ አለ፣ ሽንቱን የሚለቅም አለ። ሠላሳ ዓመት ይህን ይዘው ስለዞሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዲት አዲስ ጸሐፊ የደመወዝ መክፈያው ላይ «ሚዛን» ብላ ጽፋላቸው፣ እሳቸውም ምንም ሳይሉ ፈርመው ተቀብለዋል።

በር ሲከፈትላቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርሱ «የሚመዘን ልጅ አለ?» ይላሉ። ኋላ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ የመጣብን ከዚህች ጥያቄ ላይ አንዲት ቃል ስለጣልን ነው። ያኔ ግን ማን አስተዋለ።

ነገሩ የጀመረው ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ «የልጆች ክፍል» የሚባል አንድ ክፍል አለ። ሰፊ አይደለም። እግሩ በመጋዝ ተቆርጦ ዝቅ የተደረገ አግዳሚ ወንበር፣ ጣሪያው ላይ የሚዛን መስቀያ፣ ግድግዳው ላይ ቁመት የሚለካበት የቀለም መስመር፣ መስኮቱ ሥር የልጆች ካርድ የታጨቀበት ካርቶን፣ በቃ። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ነው። ኮሪደሩ ላይ ደም ግፊትና ስኳር ሊለኩ የመጡ አዛውንቶች ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ወንበሩ ሁለት፣ እነሱ ሠላሳ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እኛም ክፍል ይሰጠን» ሲሉ ቆይተዋል። ሐቃቸውን ነው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በአካባቢው ከሚኖረው ሕዝብ የልጆች ድርሻ ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክፍሉ ባለበት ይቀጥላል። ከሩብ ካነሰ ለአረጋውያን ይሰጣል፤ ልጆች ከትልቁ መንገድ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ይገለገላሉ። እትዬ ሚዛን ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መዝገብ ቤት ይሠራሉ።

ከትልቁ መንገድ ማዶ ማለት ሁለት ታክሲ ነው። አንዱን አዝዬ አንዷን በእጄ ይዤ፣ ለክትባት፣ ለሚዛን፣ ትኩሳት በመጣ ቁጥር። እኔ ይህን አሰብኩ። እትዬ ሚዛን ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም፤ ብቻ ማታ ሚዛኑን አውርደው ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጠረጉት።

በማግሥቱ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አስጠራቸው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ወረቀት ይፈራል።

«እትዬ፣ ይህን ሰፈር ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም» አላቸው። «ነዋሪውንም ልጁንም ቆጥረው ያምጡልኝ።»

«ካነሰስ?»

«ካነሰ እንግዲህ አነሰ ነው።»

«አንተን ራስህን መዝኜሃለሁ እኮ። ሁለት ኪሎ ከስምንት ነበርክ። የድመት ግልገል ነበር የምትመስለው።»

ኃላፊው ጸሐፊዋ ሰምታ እንደሆነ አየት አደረገና ጉሮሮውን ጠረገ።

እኔን ለጽሕፈት ያዙኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሒሳብ አይከብደኝም፣ ሥራም ገና አላገኘሁም። «እኔ ከልጅ በቀር ሰው ከቆጠርኩ ስንት ዘመኔ ነው፤ አንቺ ሰዉን ያዢልኝ» አሉኝ። ትንሹን አዝዬ፣ ትልቋን ጎረቤት አስቀምጬ ወጣን።

ደብዳቤው ላይ ልጅ ማለት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ነው ይላል። ሁለታችንም አንብበነዋል። የመጀመሪያው በር ሲከፈት እትዬ ሚዛን እንደ ልማዳቸው «የሚመዘን ልጅ አለ?» ብለው ጀመሩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ቆይ፣ የአሥር ዓመት ልጅ አይመዘንማ።»

«እውነትዎን ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ‹የሚመዘን›ን እንተዋት።»

ተውናት። ከዚያ በኋላ ጥያቄያችን «ስንት ሰው ትኖራላችሁ? ልጅ ስንት ነው?» ሆነ። አጭር፣ ግልጽ ጥያቄ። ሰውም ቶሎ ቶሎ ይመልሳል፤ እኔም ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ ጸጉሬን እየጎተተ ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ። በሁለት ሳምንት፣ የተቆለፉትን ትተን፣ ስድስት መቶ አሥር ቤት አዳረስን።

ሲደመር ነዋሪው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ። ልጁ ስድስት መቶ ሠላሳ ስምንት። አካፈልኩ፣ ደግሜ አካፈልኩ። ከሲሶ እንኳን በልጦ ተገኘ!

«ሩቡ ቀርቶ ሲሶ?» አሉ እትዬ ሚዛን። መነጽራቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ተቀመጡ። «ታዲያ ቀኑን ሙሉ ዞሬ ሦስት ልጅ ይዤ የምገባው ምን ሆኜ ነው?»

«ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ናቸዋ። እርስዎ የሚመዝኑት ከአምስት በታች ያለውን ብቻ ነው።»

«እሱስ ነው» አሉ። ግን ልባቸው አላመነም፤ ፊታቸው ያስታውቃል።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ስናልፍ ጡረተኛው መምህር ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ለግፊት ነው የሚመጡት፤ ከእትዬ ሚዛን ጋር እኩያ ናቸው፣ ሳይነካኩ አያልፉም።

«እህ ሚዛን፣ ልጅ አልቆ እኛን ልትመዝኚ ነው አሉ። ቁምጣው ይበቃኛል?»

«ልጅማ ሲሶ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። አንተ እዚያው ቆመህ ትቀራለህ።»

«ሲሶ?» መምህሩ ከግድግዳው ተነሡ። «አንቺ፣ እኔ ሳስተምር አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ነበር። ባለፈው ስሄድ ሠላሳ አንድ ወንበር ነው ያለው። የት ነው የተቆጠረው ይኼ ሲሶ?»

እትዬ ሚዛን «አንተ ስትወጣ ልጁ ደስ ብሎት ሌላ ትምህርት ቤት ገባ» አሏቸው። ቤት ስንገባ ግን «እስቲ ያን ደብተር አምጪው» አሉኝ።

ቤት በቤት ማየት ጀመርን። ሁሉም ደህና ይመስላል። አንዱ ሁለት ልጅ፣ አንዱ አንድ፣ አንዱ ምንም። እንዲህ እያልን የራሳችን ቤት ላይ ደረስን። የራሳችንን ቤት የሞሉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ምሳ ላይ ነበርኩ። ነዋሪ አምስት፣ ልጅ አራት ይላል።

«እትዬ፣ ይኼ የኛ ቤት ነው?»

«ነዋ።»

«እኔ የወለድኩት ሁለት ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ አራቱ ማን ማን ናቸው?»

በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ልጅቷ፣ ትንሹ፣ ባልሽ፣ አንቺ።»

ማዕድ ቤት ሰሐን ሲያጥብ የነበረው ባሌ «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ታዲያ ልጄ አይደለህም? ሆሆ!»

መጀመሪያ ሳቅን። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ዓይናችን ወደ ደብተሩ ተመለሰ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። ከአሥራ አምስት በታች የሚለውን በዓይናቸው ያነበቡት፣ ሠላሳ ዓመት ሕፃን የመዘኑት ሴትዮ በገዛ ቤታቸው እንዲህ ከሞሉ፣ ሌላው ሰውስ ምን ብሎን ይሆን?

እንደገና ወጣን። መጀመሪያ የሄድነው አንድ ልጅ ተብሎ ወደተጻፈበት ቤት ነው። አንዲት ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው እናት በሩን ከፈቱ።

«እማማ፣ ባለፈው አንድ ልጅ አለኝ ብለውን ነበር።»

«አንድ ነው ያለኝ፣ አንድ ነው ያልኩት። ቀነሰብኝ እንዴ?»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ልጅ ነው ገና። አላገባም።»

ከውስጥ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። «ሃምሳ ሁለት» አለን።

«ዝም በል አንተ ልጅ! ትልቅ ሰው ሲነጋገር» አሉት እናቱ።

እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። ልጅ አንድ የሚለውን ሰረዝኩ። አሮጊቷ የእስክሪብቶዬን ድምፅ ሰምተው «ምነው፣ ሰረዝሽብኝ?» አሉ። እንደተቀየሙ ነው የወጣነው።

ቀጥሎ ስምንት ልጆች ብለን የጻፍንበት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ባለቤቷ ደረጃው ላይ ቆማ «አዎ፣ ስምንት ልጆች ናቸው እላይ ያሉት። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም፣ ኪራይ አያሳልፉም» አለችን። እትዬ ሚዛን ግንባራቸውን ያዙ። በዚያው አንዲት የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ከላይ ወረደች። ጉዳዩን ስንነግራት ቆመች።

«እኔም ልጅ ተብዬ ተቆጥሬያለሁ?»

«አዎ፣ አሁን ልንሰርዝሽ ነው።»

«እባካችሁ ተዉት። በዚህ ወር የሰማሁት ደግ ነገር ይኼ ብቻ ነው።»

በሌላው በኩል ደግሞ የባሰ ግራ የሚያጋባ መጣ። ልጅ የለም የተባለበት ቤት ስንሄድ ከእናትየው ኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። «እነዚህስ?» ስንላት «አይ፣ እነዚህማ ጎረምሶች ናቸው» አለች። አንዱ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አንዱ አሥራ አንድ። ጎረምሶቹ ደረታቸውን ነፉ። ልጅ ብለን ጻፍናቸው፤ እነሱም ተቀየሙን።

በዚያ ሳምንት ያልተቀየመን ሰው የለም። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ አይደለም፤ ያገባ ልጅ አይደለም፣ ያላገባ ልጅ ነው፤ የሚከራይ ልጅ ነው፣ የሚያከራይ አይደለም። እትዬ ሚዛን ራሳቸው መንገድ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ደብተሩን በደንብ ያዢ» ካሉኝ በኋላ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እኔ ዝም ልበል ይሻለኛል» አሉ።

ሲያልቅ፣ ነዋሪው ያው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉት አራት መቶ ሁለት። ሩብ ለመሆን አራት መቶ ሰባ አምስት ያስፈልጋል። ሰባ ሦስት ልጅ ጎደለን።

ያን ዕለት ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጉ። ባንደኛው ክፍሉ ይቀራል፣ በሌላው ይሄዳል።

«እስቲ አስረጂኝ» አሉ። «‹ልጅ ስንት ነው?› ብለን ጠየቅን። ልጅ ይህን ያህል ነው ብለው መለሱ። እኛም የመለሱትን ጻፍን። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

እኔም ለጊዜው ውሸቱን አላገኘሁትም። ትልቋ ልጄ ትልቁን መንገድ ስትሻገር ይታየኛል፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ትንሹ በትኩሳት ሲያቃጥለኝ ይታየኛል። የመጀመሪያውን ወረቀት ማስገባት ነው፣ ማን ይጠይቀናል? እንዲህ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ባሌ «አክስቴ፣ ሰው ሲመዝኑ እጅዎን ሚዛኑ ላይ አሳርፈው ያውቃሉ?» አለ። ለነገር ሳይሆን፣ እንዲሁ የገረመው ይመስል።

«ምን ሲደረግ!» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አዩት፣ እሱን አዩት። «አንተ ልጅ አይደለህም፣ ሰረዝኩህ» አሉና የመጀመሪያውን ወረቀት ለሁለት ቀደዱት።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን እሳቸው ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው ከውስጡ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡ። ሥራ ሲጀምሩ የነበራቸው ነው። የዚያን ጊዜው አለቃ ጥብቅ ሰው ስለነበር፣ እያንዳንዱን ሰው ከነዕድሜው ያስጽፋቸው ነበር። በዚያን ጊዜ በዚሁ አካባቢ አንድ መቶ ሃምሳ ቤት፣ ዘጠኝ መቶ ሰው። «ከአሥራ አምስት በታች ያለውን ደምሪልኝ» አሉኝ። ደመርኩ። አራት መቶ አሥር።

«ስንት?»

«አራት መቶ አሥር።»

«አሁንስ?»

«አራት መቶ ሁለት።»

«ስምንት ልጅ ነው የቀነሰው? በሠላሳ ዓመት ስምንት?»

«አዎ። ግን ያኔ ከሰዉ ወደ ግማሽ ይጠጋ ነበር። አሁን ከአምስት ሰው አንዱ ነው፣ ትንሽ ቢበልጥ ነው።»

«ልጁ ካልቀነሰ ድርሻው እንዴት ይቀንሳል?»

ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። ያኔ አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው፣ ከስድስቱ ወደ ሦስቱ ልጅ። አሁን ቤቱ አራት እጥፍ ሆነ፣ ሰዉ ሁለት እጥፍ። የመጣው ሠራተኛው፣ ተከራዩ፣ ዕድሜ የጨመረለት አዛውንቱ ነው። ልጁ ባለበት አለ፤ በዙሪያው ያለው አዋቂ ነው የበዛው። ስናገረው ለኔም ግልጽ ይሆንልኛል፣ ስጨርስ ተመልሶ ይጠፋብኛል። እሳቸውም እንደዚያው። «ገባኝ» ይላሉ፣ ሁለት ደቂቃ ቆይተው «ቆይ፣ ታዲያ ልጆቹ የት ሄዱ?» ይላሉ። «አልሄዱም እትዬ፣ አሉ።» «ካሉ ለምን አይገኙም?» «በብዙ በር ውስጥ ተበትነው ነዋ።»

«አሃ» አሉ። ጉልበታቸውን እያሹ ነበር። «እኔን የገደለኝ በሩ ነው እንጂ ልጁ አይደለም በይኛ።»

በማግሥቱ አብሬያቸው ገባሁ። በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አዲሱን ወረቀትና አሮጌውን ደብተር አኖሩለት። እሱም አየ፣ ደመረ፣ ስልኩን አውጥቶ አካፈለ።

«እትዬ፣ ይኼማ ከሩብ በታች ነው።»

«ነው።»

«በደብዳቤው መሠረት እንግዲህ...»

«ደብዳቤህን ተወውና ይኼን እየው። ያኔ አራት መቶ አሥር ልጅ ይዘን ክፍሉ ተሠራልን። አሁንም አራት መቶ ልጅ ነው ያለው። ስኳሩ አልጎደለም፤ ውሃው ነው የበዛው።»

ኃላፊው ወረቀቱን ገለበጠ፣ መለሰ። «ግን እትዬ፣ ሻዩ ቀጥኗል አይደል? የጠጪው ቁጥር በዝቷል። እነዚያ ኮሪደር ላይ የቆሙትም ሰው ናቸው።»

እትዬ ሚዛን ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ኮሪደሩ ይታያል። ጡረተኛው መምህር ዛሬም ቆመዋል፤ አንድ እግራቸውን እያሳረፉ፣ ሌላውን እያሳረፉ። እትዬ ሚዛን አዩአቸውና ዓይናቸውን መለሱ። «እሱም እውነቱን ነው፣ እኔም እውነቴን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ሚዛን ላይ ሁለት እውነት አንጠልጥዬ አላውቅም።»

ኃላፊው የተቆለፉ ቤቶች እንዳሉ በእጄ በያዝኩት ደብተር ላይ ያየው ያኔ ነው። በቀይ ምልክት አድርጌባቸው ነበር። ቀን በሄድን ቁጥር ሰው ያጣንባቸው፤ ቁጥራቸው ሰባ ሦስት። ከስድስት መቶ አሥሩ ውጭ ናቸው፣ አልተደመሩም።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ባልም ሚስትም ሥራ የሚውሉ ናቸው» አልኩ። «ልጆቻቸውን ጠዋት ይዘው ይወጣሉ፣ ማታ ይዘው ይገባሉ። ኮሪደሩ ላይ የልጅ ጫማ አይቻለሁ፣ ሳይክልም አይቻለሁ። ስንት እንደሆኑ ግን አላውቅም።»

እትዬ ሚዛን ብድግ አሉ። «ሰባ ሦስት ልጅ ነው አይደል የጎደለን? የተቆለፈው በርም ሰባ ሦስት! ከየበሩ አንድ አንድ ልጅ ካገኘን አለቀ!»

«አይሆንም እትዬ» አልኩ፣ ሳልወድ። «እናትና አባትም አብረው ይደመራሉ። አንድ አንድ ከሆነ አይደርስም። ሁሉም ቤት ሁለት ሁለት ልጅ ካለው ልክ ሩብ ይሆናል፤ አንድም ሳይተርፍ፣ አንድም ሳይጎድል።»

ኃላፊው በስልኩ አረጋገጠ። ሦስታችንም ስልኩን አየነው። ሁሉም ቤት ሁለት ሁለት ልጅ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው እንደሌለ እናውቃለን። አንዱ ቤት ሦስት ይኖረዋል፣ አንዱ ምንም። ሊደርስ ይችላል፣ ላይደርስም ይችላል። ኃላፊው እስክሪብቶውን አፉ ውስጥ አድርጎ ቆየና «እስከ ወሩ መጨረሻ» አለ። «ከነዕድሜያቸው ካመጡልኝ እደምራለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የወጣው ቁጥር የወጣ ነው፣ እትዬ። እኔም ከዚህ በላይ አልችልም።»

ስንወጣ መምህሩ «እህ፣ ማን አሸነፈ?» አሉ።

«አላወቅንም» አሏቸው እትዬ ሚዛን። ዛሬ አልቀለዱም። «ካሸነፍክም ወንበር አስገባልሃለሁ፣ ግድ የለህም።»

«ካላሸነፍኩስ?»

«ያኔም አስገባልሃለሁ፤ ዝቅ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ፣ ጉልበትህ አገጭህን እየነካ።»

ይህን ስጽፍ ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ከሰባ ሦስቱ ሃያ ስድስቱን አግኝተናል፤ ጠዋት ሰው ሳይወጣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እየሄድን። አንዱ ቤት ሦስት ልጅ ነበረው፣ እትዬ ሚዛን በሩ ላይ ሊጨፍሩ ምንም አልቀራቸውም። ቀጥሎ ያለው ቤት ሁለት ድመት። እስካሁን ያለውን ስደምረው አንዳንድ ቀን ይደርሳል፣ አንዳንድ ቀን አይደርስም። እኔ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንደማምን ብትጠይቁኝ ግን መልሱን አላውቀውም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እትዬ ሚዛን ስላዘዙኝ ነው። ምን ብዬ ልጨርስ ስላቸው ሚዛኑን ትከሻቸው ላይ እያነገቱ እንዲህ አሉኝ፣ እንዳሉት ነው ያሰፈርኩት፦

«ላነበበው ሁሉ ንገሪልኝ። ባንኳኳሁበት ቀን በሩ ተቆልፎ የነበረ ሰው ካለ፣ ማታም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ይላክብኝ፤ እመጣለሁ። ሌላ ሰፈር ያለም ቢሆን፣ ደብተር የያዘ ሰው መጥቶ ‹ልጅ ስንት ነው?› ሲለው፣ እባካችሁ ልጅ ብላችሁ አትመልሱለት። የተወለደበትን ዓመትና ወር ንገሩት። ስንት ሰው እንደምትኖሩም አንድ ሳትደብቁ ንገሩት። ቢበዛም ቢያንስም ግድ የለም፤ እኔ የምፈልገው ልኩን ነው።»